ተራራዎን ያጠፋው ጥቁሩ ቀለም ነው

ጠያቂያችን የስሜንን ገደሎች በዘይት ቀለም ሥለው፣ ጥላውን ባጠቆሩት ቁጥር ተራራው እንደ ተለጠፈ ካርቶን እንደሚሆንባቸው፣ ጓደኛቸው «ላስተካክለው» ብሎም እንዳባሰው ጽፈው ፎቶግራፍ ልከዋል።

ፎቶግራፉን እንዳየሁ የጠረጠርኩት አንድ ነገር ነው፤ ብርሃኑን በነጭ፣ ጥላውን በጥቁር ሠርተውታል። ገደሉ ጨለመ እንጂ ጎን አላወጣም። ጓደኛዎ ደግሞ በእርጥብ ቀለም ላይ ጥቁር ደፍቶ አጭቅይቶታል። ሳይደርቅ በቀለም ቢላዋ ፍቀው ያንሡት። የጠረጉበትን የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ግን ጨብጠው ጥግ ላይ እንዳይጥሉት! ሲደርቅ ራሱን አሙቆ ያለ ክብሪት ይነዳል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት።

ጥቁሩን ቱቦ ይደብቁትና አልትራማሪንን ከበርንት ሲዬና ጋር ይደባልቁ። ሰማያዊው ሲበዛ ቀዝቃዛ፣ ቡናማው ሲበዛ ሙቅ ግራጫ ይወጣል። ወደየት እንዳደላ ለማየት ከጫፉ ላይ ትንሽ ነጭ ይንኩበት። ፀሐይ የመታውን ፊት በቢጫ ኦከር ያሙቁ፤ አለቱ ከፀሐይ ዞር ሲል ሳያጨልሙ ያቀዝቅዙት። ፀሐያማ ሣር ላይ ያጎነበሰው የጥላው ግርጌ ግን ከሣሩ በሚመለስ ብርሃን መልሶ ጥቂት ይሞቃል።

የሩቁን ተራራ ደግሞ ከላይ እስከ ታች በሰማያዊ ለቅልቀውታል። እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ተራራው ራሱ ሰማያዊ አይደለም፤ ሰማያዊ የሚመስለው በእርስዎና በእሱ መካከል ያለው አየር ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ሰማያዊውን ከቀዩ አብልጦ ስለሚበትነው ነው። ስስ ሰማያዊ ነጠላ እንደ ማልበስ ነው። ነጠላው ግን በጨለማው ላይ ጎልቶ ይታያል፤ በብሩሁ ላይ እምብዛም አይታወቅም። እንዲያውም ብሩሁ አለት የሚልከው ብርሃን በመንገድ ላይ ሰማያዊውን እያጣ ስለሚመጣ ትንሽ ሞቅ ይላል። ክረምቱ አቧራውን አጥቦ ሲወጣ ስሜን ውስጥ ካለው ከእሜት ጎጎ አፋፍ ቆመው ይመልከቱ፦ የሩቁ ጥላ ሰማይ ሊሆን ምንም አይቀረው፣ ፀሐይ ያረፈበት ጫፍ ግን ገና ቡናማ ነው። እርስዎ ሁለቱንም እኩል አለበሷቸው።

ሰማያዊዎ ከነጭ ጋር ሲገናኝ ወዲያው ኖራ የሚመስለው ደግሞ ቱቦው ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ከቀለሙ ማሙያው ይበዛል። እንዲህ ያለውን በነጻ ቢሰጡኝም አልነካው። ሲገዙ የቱቦውን ጀርባ ያንብቡ፤ የአልትራማሪን የቀለም መለያ ቁጥር ፒ.ቢ. 29 (PB29) ነው።

ከሩቁ ጀምረው ወደ ፊት ይምጡ። ከመተኛትዎ በፊት ግን ጨርቁ የት እንዳለ ይዩ።