የ12,000 ብሩን ነገር ለእሷ ንገሪያት

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ለሌሎች ከምጽፈው ረዘም አድርጌ የምመልስልሽ ነገሩ እኔንም ስለሚነካኝ ነው።

አንባቢዎች እንዲከተሉን ባጭሩ ልድገመው። 27 ዓመትሽ ነው። በአንድ የግል ባንክ ቅርንጫፍ ካሸር ሆነሽ ሦስተኛ ዓመትሽን ይዘሻል። ከወራት በፊት አጠገብሽ ያለችው ካሸር ብር አልቆባት ከአንቺ ሳጥን 50,000 ብር ወሰደች። ወረቀት አልተፈራረማችሁም። ከሰዓት በኋላ መለሰችልሽ። ሰልፉ ረጅም ስለነበር ሳትቆጥሪ ተቀበልሽ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ 12,000 ብር ሾርት (ጉድለት) ወጣብሽ። ለማንም ሳትናገሪ ከደመወዝሽ በሦስት ወር ከፈልሽ። "ለእግዚአብሔር ሰጠሁት" ብለሽ ተውሽው። ከዚያ ወዲህ ግን የባንኩን ሲስተም የምከፍትበትን ፓስወርዴን ለማንም አልሰጥም አልሽ፤ ቅርንጫፉም ፊቱን አዞረብሽ። ሰላምታው ቀነሰ። "ጻድቋ" የሚል ስም ወጣልሽ። ምሳ ላይ ጾምሽ መቀለጃ ሆነ። እናትሽ "ዝም በይ፣ እንጀራሽ ነው" ይሉሻል። አንቺ ደግሞ ለቅቀሽ መንፈሳዊ ድርጅት ውስጥ ሥራ መፈለግ አስበሻል። ደብዳቤሽን የጨረስሽው "ክርስቲያን ሆኜ ከሰው ጋር እንዴት እጣላለሁ?" ብለሽ ነው።

ትንንሾቹን ቶሎ ልመልስ። የጾም ምሳሽን ይዘሽ አብረሻቸው ተቀመጪ፤ ማንንም ማስረዳት አይጠበቅብሽም። "ጻድቋ" ሲሉሽ አትመልሺ፤ ይሰለቻቸዋል። ፓስወርዱ ላይ ግን ትክክል ነሽ፤ አንዲት ስንዝር እንዳትመለሺ። ፓስወርድ ፊርማ ነው። ሲስተሙ የሚመዘግበው የአንቺን ስም ነው፤ ቁልፉን የነካው የማን ጣት እንደሆነ አያውቅም። ኦዲተር ሲመጣ "ለጓደኛዬ አውሼ ነው" ብትዪ የሚሰማሽ የለም።

አሁን ወደ ዋናው።

ያንን ብር ለእግዚአብሔር አልሰጠሽውም። እንዲህ ስልሽ አይክፋሽ። ለእግዚአብሔር የሰጡትን ሰው ማታ ማታ ተኝቶ አይቆጥረውም። አንቺ በአንድ ደብዳቤ አራት ጊዜ አንስተሽዋል። አዲስ ጫማ ባደረገች ቁጥር "በእኔ ብር ይሆን?" እንደምትዪ ራስሽ ጽፈሻል። ይህንን በአማርኛ ቂም ነው የምንለው።

እኛ ዘንድ ይሉኝታና ክርስትና ተቀላቅለዋል። አንገት የደፋ፣ ድምፁን ያላሰማ ሰው "እግዚአብሔርን የሚፈራ" ይባላል። ውስጡ ሲቃጠል ማን አየው? "ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ" የሚለውን ሁላችንም በቃላችን እናውቃለን፤ ዘሌዋውያን 19፥18 ነው። ከእሱ በፊት ያለውን ቁጥር ግን ክፈቺና አንብቢው። ወንድምህን በልብህ አትጥላው ይልና እዚያው ላይ ገሥጸው ይላል። መናገሩ ከፍቅሩ በፊት ተጽፏል። ጌታም በማቴዎስ 18፥15 ወንድምህ ቢበድልህ ሂድና ብቻችሁን ሆናችሁ ንገረው አለ። ቻለው አላለም። ለማናጀር ክሰሰውም አላለም። መጀመሪያ ለራሱ ንገረው ነው ያለው።

ደግሞ ይህንን አስቢ። ያቺ ልጅ ምን እንዳደረገች አታውቂም። ምናልባት ወስዳው ይሆናል። ምናልባት እሷም በግርግሩ ሳትቆጥር መልሳልሽ ይሆናል። ምናልባት ስህተቱ በዚያ ቀን ከሌላ ደንበኛ ጋር የተፈጠረ ነው። አንቺ ግን አንድ ቃል ሳትጠይቂያት ፈርደሽባት፣ ቅጣቱን ራስሽ ከፍለሽ፣ ይኸው ወራት አለፉ። እሷ መከሰሷን እንኳ አታውቅም። ዝምታሽ ለእሷም ደግ አልሆነላትም።

እኔም የሥራ ሕይወቴን የጀመርኩት በካሸርነት ነው። አንድ ባልደረባዬ የእኔን ሥራ በስሙ አቀረበና እድገቱን አገኘ። ስምንት ወር ዝም አልኩ። ሁሉም "እንዴት ያለ ሰላማዊ ሰው ነው" ይለኝ ነበር። "የበደሉንን ይቅር እንደምንል" የሚለው ጋ ስደርስ ግን ጸሎቱን አቋርጬ እተወው ነበር። በመጨረሻ ሄጄ ነገርኩት። ካደ። ለረጅም ጊዜ አላናገረኝም፤ ሰላምታውን የመለሰው ከብዙ ወራት በኋላ ነው። በነገርኩት ዕለት ማታ ግን ጸሎቴን ጨረስኩ። እንዲያ ዓይነት ነገር ፊት ለፊት መናገርን ከለመድኩ በኋላ ነው ወደ ውስጥ ኦዲት የተዛወርኩት፤ አሥራ አንድ ዓመትም ሠራሁበት።

ስለዚህ ንገሪያት። መስኮት ላይ አይሁን፣ ሂሳብ በሚዘጋበት ሰዓትም አይሁን፤ ያኔ ሁሉም ሰው ተናዳፊ ነው። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጡ ሻይ ጋብዣት። በራስሽ ጥፋት ጀምሪ፤ ጥፋት አለብሽና። "ያን ቀን ብሩን ሳልቆጥር ነው የተቀበልኩሽ፣ ያ የእኔ ስህተት ነው። ማታ 12,000 ሾርት ወጣብኝና ከፈልኩ። ሳልነግርሽ በልቤ አንቺን ጠርጥሬ ቆየሁ፣ ለዚህ ይቅርታ። የምታስታውሺው ነገር አለ?" በቃ። "ሰረቅሽኝ" የሚል ቃል ከአፍሽ አይውጣ፤ አላየሽማ። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጫት።

ልትቆጣ ትችላለች። ልትክድም ትችላለች። ብሩ ተመልሶ ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። ካስፈለገ ቀጣዩ እርምጃ እዚያው ማቴዎስ ላይ አለ፤ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይዘሽ መሄድ ነው። እኛ ሽማግሌ የምንለው ማለት ነው። ሁለታችሁንም የምታከብር አንድ ነባር ሠራተኛ ትበቃለች። ከዛሬ ጀምሮ ግን ከሳጥንሽ የሚወጣ ብር ሁለታችሁ ሳትፈርሙበት አይውጣ፤ ሲመለስም ፊቷ ቁጠሪው። ለሁሉም ሰው እኩል አድርጊው፣ ለምትወጃትም ጭምር። ያኔ ማንም "እኔን ጠርጥራ ነው" ሊል አይችልም።

የእናትሽን ነገር በቀጥታ ልናገር። እናትሽ ስለሚወዱሽ ነው፣ ቤቱም በአንቺ ደመወዝ እንደሚተዳደር ገብቶኛል። ነገር ግን ዝምታው እንጀራውን አላዳነውም። በእነዚያ ሦስት ወራት ለቤት የምትሰጪው በግማሽ እንደቀነሰ፣ የወንድምሽ የኮሌጅ ክፍያም እንደዘገየ ራስሽ ጽፈሻል። ዝም ብለሽ የከፈልሽው ከእነሱ ጉሮሮ ነጥቀሽ ነው። ይህንን ለእናትሽ በእርጋታ አስረጂያቸው። "ዝም በይ" የሚለውን ምክር ሁለተኛ ላይሰጡሽ ይችላሉ።

መንፈሳዊ ድርጅት ብትገቢ ከዚህ የምታርፊ ይመስልሻል። ለኦዲት ሥራ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ውስጥ ገብቼ አውቃለሁ። እዚያም ሰው ነው ያለው። እንዲያውም ማንም መጣላቱን ስለማያምን ነገሩ በጓዳ ይብሳል። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ተመልከቺ። ገና ሐዋርያት በሕይወት እያሉ በዕለታዊው ምግብ እደላ መበለቶቻችን ተረሱ ተብሎ ማጉረምረም ተነሳ። ሐዋርያት "ክርስቲያን ሆናችሁ እንዴት ታጉረመርማላችሁ?" አላሉም። ምእመናኑን ሰብስበው ነገሩን በግልጽ ተነጋገሩበት፣ ሥራውን የሚቆጣጠሩ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ።

መልቀቅ መብትሽ ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት ነው የሚጠበቅብሽ። አሁን ግን አትልቀቂ። ሳትነጋገሪ ከወጣሽ ያንን ቂም ይዘሽው ነው ወደሚቀጥለው ቢሮ የምትገቢው። ተነጋገሪ፣ ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ቆዪ። ካሸርነት የበቃሽ ከመሰለሽ የውስጥ ማስታወቂያዎችን ተከታተዪ፤ ቁጥጥርና ኦዲት ክፍሎች ፓስወርዷን አልሰጥም የምትል ሰው ይፈልጋሉ።

እሁድ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ "ተአምኁ በበይናቲክሙ" (እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ) ሲል ዘወር ብለን አጠገባችን ላለው እጅ እንነሳለን። ያቺ ልጅም ከአንቺ ጋር አንድ ደብር እንደምታስቀድስ ጽፈሻል። እስከዚያ ቅዳሜውን ተጠቀሚበት።