“ያ ልጅ ይመጣል”

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማስተርስ ተማሪ ደወለችልኝ። “ጋሼ፣ ባህላዊ መድኃኒት ላይ ጥናት ልጀምር ነው። ገጠር ስወጣ ምን ልጠንቀቅ?” አለችኝ። የሚባለውን ሁሉ ነገርኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። የደምቢያዋ እማማ ትዝ አሉኝ።

ጊዜው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ የሚባለውን፣ ከውሃ የሚይዝ የትል በሽታ በሚያጠና ቡድን ውስጥ ነበርኩ። የልጆች ሰገራ እንመረምራለን፣ ቀንድ አውጣ እንለቅማለን። ትሉ ሰው ላይ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው ቀንድ አውጣው ውስጥ ነው። እኔ በጎን ስለ እንዶድም እጠይቅ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ማየታቸውን ከሰማሁ ጀምሮ ነገሩ ልቤ ውስጥ ገብቷል።

እማማ ፍሬውን ገና አረንጓዴ ሳለ ለቅመው ፀሐይ ላይ አስጥተዋል። እፍኝ ያህል ወቀጡና ውሃ ጠብ አድርገው በመዳፋቸው አሹት። አረፋው እጃቸውን ሸፈነው። “ከቀላ ጉልበት የለውም” አሉኝ። ጻፍኩ። ጨው የገባበት ቡና አፈሉልኝ፤ ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። ከዓመታት በኋላ ዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ቀንድ አውጣ በመግደል ኃይሉ መርጠው ስላወጡት ስለ ዓይነት 44 እንዶድ ሳነብ፣ የታየኝ የእማማ መዳፍ ነው።

ልወጣ ስል የልጅ ልጃቸውን ትከሻውን ይዘው አመጡት። ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው። “የዚህስ ነገር? ሆዱን እያመመው ነው። ያገኛችሁትን ትነግረኛለህ?”

“በሁለት ሳምንት እመጣለሁ፣ እማማ” አልኩ።

የልጁ ውጤት ወጣ፤ የትሉ እንቁላል ታየበት። መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔው ነኝ። ሪፖርቱ ወደ በላይ ሄደ። መኪና የለም፣ አበል አልተፈቀደም ተባለ። አውቶቡስ ግን ነበር። አልሄድኩም።

የሄድኩት ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። እማማ አርፈዋል። ልጃቸው በር ላይ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። “እማዬ እስክትሞት ‘ያ ልጅ ይመጣል’ ትል ነበር” አለችኝ። ልጁስ? አልኳት። “አሁንም ሆዱን ያመዋል” አለች። ባሳተምነው ጽሑፍ ላይ የመሥሪያ ቤቱን ኃላፊዎች በስም አመስግነናል። እማማ “አንዲት የአካባቢው ነዋሪ” ናቸው።

ልጆቼ፣ እናንተ ከእኛ ትሻላላችሁ። በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 482 አለላችሁ፤ የማኅበረሰብ ዕውቀት ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይወሰድም። ግን ትቸኩላላችሁ። ታብሌቱን ይዛችሁ ገብታችሁ፣ አስፈርማችሁ፣ ቡናው ሳይፈላ ትወጣላችሁ። ይሄ ያናድደኛል። ቁጭ ብላችሁ ስሙ።

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ “የሰማችሁትን ሁሉ ጻፉ” እል ነበር። አሁን እንደዚያ አልልም። መድኃኒት አዋቂው ለመረጠው ልጁ ብቻ የሚያወርሰው ነገር አለ፤ “አትጻፍ” ካላችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ደግሞ ሳይጻፍ አብሮ የተቀበረውን ሳስብ ሐሳቤን እቀይራለሁ። እዚህ ላይ እስካሁን አልቆረጥኩም።

ውጤት መመለስ ላይ ግን ቆርጫለሁ። ከጆርናሉ በፊት ለመንደሩ። ዕድር ባለበት ቀን ሄዳችሁ፣ በሚገባቸው ቋንቋ። የታመመ ከተገኘ ደግሞ ጤና ጣቢያ ድረስ አብራችሁ ሂዱ።

ለተማሪዋ ነገ መልሼ እደውላለሁ። የመመለሻ ትራንስፖርት በጀቷ ውስጥ መኖሩን አልጠየቅኳትም።