ኳሱ እንዲርቅልን፦ ለወሎ የጎልፍ ጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሰላም ወገኖቼ። በድራይቨር፣ ማለትም ኳስ አርቆ ለመምታት በሚያገለግለው ረጅሙ የጎልፍ ዱላ፣ ኳስ ስለማራቅ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ብዙ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴ አይታማም፣ ቀን ሙሉ ሲሚንቶ ስሸከም ነው የምውለው። ግን ከእኔ የቀጠነው ጓደኛዬ ሁሌ ይበልጠኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አብሽር ወንድሜ፣ ጉልበትህ የትም አይሄድም። ርቀትን የሚወስነው ግን ዱላው ኳሱን ሲነካ ያለው ፍጥነትና የሚነካበት ቦታ ነው። በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር የሚሰነዘር ዱላ መሐሉ ላይ ሲያገኘው ኳሱ በሰዓት 220 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይወጣል። በጠርዙ ካገኘው 200 ላይደርስ ይችላል። ጓደኛህ የሚበልጥህ እዚህ ጋ ይመስለኛል።

ጠመኔ ግዛ። የዱላውን ፊት በደንብ ቀባና ጥቂት ኳስ ምታ። ኳሱ የነካው ቦታ ላይ ጠመኔው ይለቃል፣ ክብ ምልክት ይቀራል። ምልክቶቹ ወደ ዘንጉ ከተጠጉ ብዙ ጊዜ ለኳሱ በጣም ቀርበህ ቆመሃል ማለት ነው። ወደ ጫፉ ከሄዱ ርቀሃል ወይም ክንድህን እየሰበሰብክ ነው። መሐሉን ሳታገኝ ጉልበት አትጨምር።

ከዚያ ቅደም ተከተሉን አስተካክል። ዱላው ወደ ኋላ ሄዶ ሳይጨርስ ክብደትህ ወደ ግራ እግርህ መሄድ ይጀምር። ዳሌ ይቀድማል፣ ትከሻ ይከተላል፣ እጅ መጨረሻ ነው። አንተ በእጅ እየጀመርክ ይሆናል፣ ጉልበተኛ ሰው እንዲያ ይቀናዋል። አያያዝህንም አላላ። አንጓህ ከታሰረ ፍጥነት የለም።

ጥያቄ፦ ገና ስጫወት ያደግሁ የላስታ ልጅ ነኝ። ለጎልፍ ይጠቅመኛል ወይስ ያበላሸኛል?

መልስ፦ ይጠቅምሃል! የገና ተጫዋች አንጓው ፈጣን ነው፣ ዓይኑም ከሩሯ አይነሳም። እሱን አትተው። የሚያስቸግርህ አንድ ነገር ነው። ሩሯ መሬት ላይ ስላለች አግድም ወይም ወደ ታች መምታት ለምደሃል። በድራይቨር ግን ኳሱ ቲ ላይ፣ ማለትም መሬት ላይ በምትተከል ትንሽ እንጨት ላይ፣ ተቀምጧል። ዱላው የመጨረሻ ዝቅታውን አልፎ መነሳት ሲጀምር ነው መንካት ያለበት። በአንድ ዓይነት ፍጥነት 5 ዲግሪ ወደ ታች የሚመታና 5 ዲግሪ ወደ ላይ የሚመታ ሰው ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አላቸው። ያውም ያለ ምንም ተጨማሪ ጉልበት።

ኳሱን በግራ ተረከዝህ ትይዩ አድርገው። ቲው ከፍ ይበል፣ የኳሱ ግማሽ ከዱላው አናት በላይ ይታይ። ቀኝ ትከሻህ ከግራው ትንሽ ዝቅ ይበል። ይኼው ነው።

ጥያቄ፦ ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ የምመታው ኮምቦልቻ ስወርድ ያጥርብኛል። ዱላዬ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ዱላህ ደህና ነው፣ አየሩ ነው። ደሴና አካባቢዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ከ1,800 ትንሽ ከፍ ይላል። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ኳሱን የሚይዘው ይቀንሳል። በየ300 ሜትሩ ርቀቱ በ1 በመቶ ያህል ይጨምራል ብለህ አስብ። ባሕር ዳርቻ ላይ 200 ሜትር የሚሄድ ምት ደሴ ላይ 220 ሊጠጋ ይችላል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ግን ልዩነቱ ጥቂት ሜትር ነው። ከዚያ በላይ ካጠረብህ ነፋሱንና የሜዳውን ድርቀት እይ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ስስ አየር ኳሱን ወደ ላይ የሚደግፍበት አቅሙም ያንሳል። ዝቅ ብሎ የወጣ ኳስ ቶሎ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከዱባይ ያገለገለ ድራይቨር ላከልኝ። ዘንጉ ላይ «ኤስ» ይላል፣ 9 ዲግሪ ነው። ኳሱ አልነሳ አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። «ኤስ» ጠንካራ ዘንግ ማለት ነው፣ ፈጣን ለሚመታ ሰው። ዲግሪው የዱላው ፊት ወደ ላይ ያዘነበለበት ልክ ነው፣ ሲያንስ ኳሱ ዝቅ ብሎ ይወጣል። 12 ዲግሪና ለስላሳ ዘንግ ፈልጊ። እስክታገኚ ባለሦስት ቁጥሩን «ውድ» (ከድራይቨር አጠር ያለ፣ ፊቱ የበለጠ ያዘነበለ ዱላ) ይዘሽ ከቲ ላይ ምቺ፣ ምናልባትም ያርቅልሻል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ስድሳን አልፏል። ወገቤ አይዞርም። ተስፋ አለኝ?

መልስ፦ አለዎት እንጂ ጋሼ! ዱላውን ወደ ኋላ ሲወስዱ የግራ ተረከዝዎ ከመሬት ይነሳ፣ ወገብዎ ሳይጨነቅ ይዞራሉ። ደሴ ጠዋት ብርድ ነው፣ ሰውነትዎ ሳይሞቅ በሙሉ ኃይል አይምቱ።

ጥያቄ፦ ኳሴ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይጠፋል።

መልስ፦ ዱላው ኳሱን ሲነካ ፊቱ ክፍት ነው። ግራ እጅህን ትንሽ ወደ ቀኝ አዙረህ ያዝ፣ ቁልቁል ስታይ ሁለት ወይም ሦስት የጣት አንጓ ይታይህ። እሱ ከተስተካከለ ርቀቱም አብሮ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ግጦሽ ሜዳ ላይ መለማመድ ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። ኳሱ 46 ግራም እንኳ አይሞላም፣ ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ሲወጣ ዓይን ያጠፋል። እረኛ፣ ከብት ወይም መንገደኛ ፊት ለፊት እያለ እባካችሁ አትምቱ። መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። አጨዳ ሲያልቅ ገበሬውን ካነጋገራችሁት ባዶ ማሳ ይሻላል። አንድ ሰው ዳር ቆሞ ይጠብቅ። ሰው ከመጣ ደግሞ ዱላውን መሬት አስቀምጣችሁ እስኪያልፍ ጠብቁ።