የኢርፎን ቀዳዳና የሚሞሪ ማስገቢያ፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ስልክ ስጠግን ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። አዳዲሶቹ ስልኮች የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያና የኢርፎን ቀዳዳ እየተነሣባቸው ስለሆነ «ያለ እነዚህ ይኖራል ወይ?» የሚለኝ ሰው በዛ። የሚጠይቅ ይጠይቅ ብዬ ነበር፤ በመጡበት ቅደም ተከተል እነሆ።

ጥያቄ፦ የኢርፎን ቀዳዳን ያጠፋው አፕል ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ አልጀመረውም፤ ፋሽን ያደረገው ግን እሱ ነው። ኦፖ እ.ኤ.አ. በ2012 «ፋይንደር» የተባለውን ቀጭን ስልኩን ያለ ቀዳዳ አውጥቶ ነበር። አፕል በ2016 አይፎን 7ን ሲያቀርብ የኩባንያው የግብይት ኃላፊ ፊል ሺለር ምክንያቱን «ድፍረት» አለው። በማስታወቂያ ሲሳለቅበት የከረመው ሳምሰንግም ተራው ደርሶ በ2019 በጋላክሲ ኖት 10 ላይ ቀዳዳውን ደፈነ።

ጥያቄ፦ እኔ የሰማሁት ውኃ እንዳይገባ ብለው እንደሆነ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የ2016ቱ ጋላክሲ ኤስ 7 ቀዳዳውም የሚሞሪ ማስገቢያውም እያለው አንድ ሜትር ተኩል ውኃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት እንዲቋቋም ተደርጎ የተሠራ ነበር። በ2024 የወጣው የሶኒ ኤክስፔሪያ 1 ማርክ 6ም ሁለቱንም ይዞ ውኃ ይችላል። ይልቅ ስልክ ከፍቼ የማየው ሌላ ነው፦ ቀዳዳው ቦታ ይበላል፤ ባትሪውን ይጋፋል። ይህ እውነተኛ ምክንያት ነው። አይፎን 7 በታየበት ቀን አፕል ገመድ አልባውን ኤርፖድስ በ159 ዶላር ማስተዋወቁም ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ከታይፕ ሲ ወደ ኢርፎን የሚቀይር ትንሽ ገመድ ገዛሁ። በጓደኛዬ ስልክ ይሠራል፤ በእኔ ድምፅ የለም። ስልኬ ተበላሽቷል?

መልስ፦ አልተበላሸም። ሻጩም ላያውቅ ይችላል እንጂ ገመዱ ሁለት ዓይነት ነው። ስልክ ሙዚቃን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ጆሮ የሚሰማው ደግሞ ሞገድ ነው። አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጥ ቺፕ የግድ አንድ ቦታ መኖር አለበት። አንዳንድ ስልኮች ለውጡን ውስጣቸው ጨርሰው በታይፕ ሲው በኩል ድምፁን ራሱን ያወጣሉ፤ ለእነዚህ ባዶ ሽቦ ይበቃቸዋል። ሌሎቹ፣ ለምሳሌ አዳዲሶቹ ጋላክሲ ኤሶችና የጉግል ፒክስሎች፣ የሚያወጡት ቁጥሩን ስለሆነ ቺፑ ገመዱ ውስጥ መኖር አለበት። ይህ ቺፕ «ዳክ» ይባላል፤ «ዳክ ያለው» ብለህ ጠይቅ፤ በገዛ ስልክህ ሳትሞክረውም ብር አትቁጠር።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ገጠር ላለችው እናቴ አዲስ ስልክ ልልክላት ነው፤ ሬዲዮ ትወዳለች። ቀዳዳ የሌለው ቢሆን ምን ይጎዳታል?

መልስ፦ እህቴ፣ ሬዲዮኗን ይነጥቃታል። የስልክ ኤፍ ኤም አብዛኛውን ጊዜ አንቴና አድርጎ የሚጠቀመው የኢርፎኑን ገመድ ነው፤ ያለ ኢርፎን ሲከፍቱት «ኢርፎን ይሰኩ» የሚለው ለዚህ ነው። ብሉቱዝ ይህን አይተካም፤ በኢንተርኔት ትስማ ማለት ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ቀዳዳ ያለው ስልክ ሁሉ ሬዲዮ የለውምና ሁለቱንም አረጋግጪ። ከውዱ ስልክ ይልቅ ዋጋው ዝቅ ያለ ቴክኖ የበለጠ ያስደስታት ይሆናል። ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ጥያቄ፦ የኢትዮ ቴሌኮምም የሳፋሪኮምም ሲም አለኝ። ሻጩ «ሁለት ሲም ይይዛል፤ ሚሞሪም ይቀበላል» ብሎ ሸጠልኝ፤ ሦስተኛ ቦታ ግን የለውም።

መልስ፦ አልዋሸህም፤ እውነቱን በግማሽ ነገረህ። ሁለተኛው ቦታ የሚቀበለው ወይ ሲም ወይ ሚሞሪ ነው። ሳፋሪኮም በ2022 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ቅሬታ ጆሮዬን አደንቁሮታል። ከመክፈል በፊት ማስገቢያውን አስወጥቶ ጉድጓዶቹን መቁጠር ነው፤ ሦስት ይሁኑ። የሲሙን ቺፕ ልጠው ሚሞሪው ላይ የሚለጥፉ አሉ። ስልኩ ውስጥ የተሰበረውን የማስገቢያ ጥርስ ስነቅል የምውለው እኔ ነኝና አታድርገው።

ጥያቄ፦ የልጄ የክርስትና ፎቶዎች ያሉበት ሚሞሪ «ፎርማት ይደረግ» አለኝ። ይመለሱልኛል?

መልስ፦ አይዞሽ። ፎርማት አታድርጊው፤ አንድም አዲስ ፎቶ አታንሺበት። አውጥተሽ በካርድ ማንበቢያ ኮምፒውተር ላይ ይሞከር፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማውጫው እንጂ ፎቶው አይደለም። ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካላየው ግን ተስፋው የመነመነ ነው። ካርዱን እንደ ስልኩ የውስጥ ማከማቻ እንዲሠራ ከስልኩ ጋር አዋሕደሽው ከነበረም (ከአንድሮይድ 6 ጀምሮ የመጣ ምርጫ ነው) ከዚያ ስልክ ውጪ አይነበብም፤ ተመሥጥሯል።

እዚህ ላይ ልቆጣ። ሚሞሪ ካርድ አገልግል ነው እንጂ ጎተራ አይደለም። መዝሙር ከሙዚቃ ቤት አስጭኖ፣ ፊልም ከጓደኛ ኮምፒውተር ቀድቶ ኔትወርክ ወደሌለበት ለመንገድ ስንቅ ሲሆን እሱን የሚያህል የለም። የልጅ ፎቶ ለብቻው የሚያድርበት ግን አይደለም። ፍጥነቱም ደካማ ነው፦ በስልክ ላይ የለመድነው ዓይነት ካርድ ደረጃው የሚፈቅድለት በሴኮንድ 104 ሜጋባይት ሲሆን፣ የውድ ስልክ የውስጥ ማከማቻ 2,000 ያልፋል። መተግበሪያዎቹን ወደ ካርዱ አዛውራችሁ «ስልኬ ተንቀረፈፈ» ትሉኛላችሁ።

ጥያቄ፦ 1 ቴራባይት ሚሞሪ በርካሽ አገኘሁ፤ ስልኬም 1 ቴራ ብሎ ያነበዋል።

መልስ፦ የሚያነበው የተነገረውን ነው። አጭበርባሪዎች የ16 ወይም የ32 ጊጋ ካርድ መቆጣጠሪያ «1 ቴራ ነኝ» እንዲል ያደርጉታል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ደኅና ነው፤ ከዚያ በኋላ አዲሱ በአሮጌው ላይ ይጻፋል ወይም የትም ሳይጻፍ ይቀራል። የፋይሉ ስም ይታይሃል፤ ስትከፍተው ባዶ። «ኤች 2 ቴስት ደብሊው» የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ካርዱን ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ መልሶ በማንበብ ያጋልጠዋል።

ጥያቄ፦ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትባል?

መልስ፦ የኢርፎኑን ቀዳዳ። አገልግል ያልኩትን ሚሞሪ የታይፕ ሲ ፍላሽ ይተካዋል። ባለ ገመድ ኢርፎን ግን መብራት በጠፋበት ምሽት ቻርጅ አድርጉኝ አይልም፤ መቀየሪያ ገመዱ ደግሞ ኪስ ውስጥ ይጠፋል፣ ከቻርጀሩም ጋር ቦታ ይሻማል። የሚሞሪ ማስገቢያ የሌለው ስልክ የምትገዙ ከሆነ አቅማችሁ ከፈቀደ 256 ጊጋውን ውሰዱ፤ በኋላ መጨመር የለም። አይፎን 15 ሲወጣ በ128 እና በ256 ጊጋው መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት 100 ዶላር ነበር። ኩባንያዎች ማስገቢያውን ለምን እንደማይወዱት ከዚህ በላይ አላብራራም።

ጥያቄ፦ የሲም መርፌዬ ጠፋብኝ፤ በምን ልክፈተው?

መልስ፦ የወረቀት መያዣ ሽቦ ዘርግተህ ተጠቀም። መውጋት ያለብህ ማስገቢያው ክዳን ላይ ያለችውን ቀዳዳ ነው፤ ከታች በኩል ብቻዋን ያለችው ማይክሮፎን ናት። እሷን የወጉ ሰዎች «እኔ እሰማቸዋለሁ፤ እነሱ አይሰሙኝም» እያሉ ይመጡብኛል።