ምልከታውን ስትቀጥሪ ውይይቱንም አብረሽ ቅጠሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ትምህርት ቤታችሁ የክፍል ምልከታና የመምህራን ምዘና የሚመዘገብበት ሲስተም አስገብቷል። አንቺም ምክትል ርዕሰ መምህርት ሆነሽ ገና መመደብሽ ነው። ቅጹ ይሞላል፣ ነጥቡ ይገባል፤ ከምልከታው በኋላ መደረግ ያለበት ውይይት ግን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» እየተባለ ሴሚስተሩ ያልቃል። መምህራኑም ነገሩን እንደ ስለላ ማየት ጀምረዋል። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር በመንግሥትም በግልም ትምህርት ቤት ሠርቻለሁ። ታዛቢ ከኋላ ሲቀመጥብኝ አስተምሬያለሁ፣ ከኋላ ተቀምጬም ታዝቤያለሁ። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

ከሁሉ በፊት ምልከታውና ውይይቱ አንድ ቀጠሮ ይሁኑ። «ማክሰኞ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ እገባለሁ» ብለሽ ሲስተሙ ላይ ስትመዘግቢ፣ «ረቡዕ አምስተኛ ክፍለ ጊዜ እንነጋገራለን» የሚለውም እዚያው ይግባ። የቀጠሮው አስታዋሽ ለሁለታችሁም ይድረስ። ውይይቱን በኋላ እንቀጥረዋለን ካላችሁ አለቀ። የክፍለ ከተማው ሪፖርት ይመጣል፣ የወላጅ ስብሰባ ይመጣል፣ አንድ ተማሪ መስኮት ይሰብራል። ሦስት አራት ቀን ካለፈ ደግሞ መምህሩ ያንን ክፍለ ጊዜ ረስቶታል፤ አንቺም ቅጹን እያነበብሽለት ነው እንጂ እየተነጋገራችሁ አይደለም። ለዚህ እንዲመችሽ መስከረም ላይ የክፍለ ጊዜ ድልድሉን ሙሉ በሙሉ ሲስተሙ ውስጥ አስገቢው። የማን ክፍት ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሆነ ካላየሽ የምትይዣቸው ቀጠሮዎች ሁሉ ምኞት ናቸው።

ቀን ስትመርጪ አካባቢውን አስቢ። አርብ የመጨረሻውን የጠዋት ክፍለ ጊዜ ተዪው፤ ጁምዓ የሚሄደው መምህርም ተማሪም ልቡ እዚያ ነው። ሚያዝያ ላይ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ገብተሽ «ተማሪዎች ያንቀላፋሉ» ብትይ የመዘንሽው የጣናን ዳር ሙቀት ነው። ሌላ ሰዓት ከሌለሽ ግን ግቢ፣ ሰዓቱንም ጻፊው።

ሰዓት ካልኩ አይቀር፣ አብዛኛው ግርግር የሚነሳው ከዚህ ነው። ሲስተሞቹ የተሠሩት በፈረንጅ ሰዓትና ቀን ነው። መምህሩ «ጠዋት 2፡30» ብሎ ሲያስገባ ስልኩ የሚጮኸው ሌሊት 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ቤተሰቡን ሁሉ ቀስቅሶ ሲመጣ ምን ፊት እንደሚያሳይሽ አስቢው። ኅዳር 12ን 12/3/2018 ብሎ የጻፈውን ደግሞ አንዱ ፕሮግራም ማርች፣ ሌላው ዲሴምበር ያደርገዋል፤ በዚያ ላይ ዓመቱ ፈረንጆቹ ካለፉት ስንት ጊዜው። መፍትሔው ቀላል ነው። አስታዋሹ የሚሠራበት ሳጥን በፈረንጅ ይሁን፤ እሱን የሚሞላው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ከጎኑ የእኛን ቀን የሚይዝ ተራ የጽሑፍ ዓምድ ክፈቺ፤ ዓመቱን አስቀድመሽ 2018-03-12 ብለሽ ጻፊ። ዓምዱ «ጽሑፍ» ተብሎ ከተቀመጠ ኤክሴል አይነካካውም፣ ሲደረደርም ቅደም ተከተሉን ይጠብቃል። ጳጉሜንም አይተፋትም። ለመምህሩ የሚደርሰው መልእክት ላይ ሰዓቱ ሳይሆን ክፍለ ጊዜው ይጻፍ፤ «ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ» ሲባል የሚሳሳት የለም።

ወደ ቅጹ እንምጣ። ሲስተሙ ይዞት የሚመጣው ቼክሊስት ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ነው። ችግሩ ሁሉም ሰው 4 ያገኛል። 3 የሰጠሽው ያኮርፋል፣ 5 የሰጠሽውን ሌላው ያኮርፍበታል። አንቺ ነጥቡን ወደ መጨረሻ ግፊው፤ ክፍል ውስጥ ሆነሽ ያየሽውንና የሰማሽውን ብቻ ጻፊ። «የተማሪ ተሳትፎ ጥሩ ነው» የሚለው ማስረጃ አይደለም። አንድ የ7ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ የያዝኩት ማስታወሻ እንዲህ ይላል፦ «10ኛው ደቂቃ፤ ‹ገባችሁ?› ‹አዎ!› በኅብረት። 12ኛው ደቂቃ፤ ለ1/2 + 1/3 መልስ ተጠየቀ፤ እጅ ያወጡት የፊት ሁለት ዴስኮች። በመስኮት በኩል ከኋላ ያለች ልጅ 2/5 ጽፋ በእጇ ሸፈነችው።» አጠገቡ የመቀመጫውን ንድፍ በእርሳስ ሥዬ፣ ጥያቄ በተመለሰ ቁጥር በተቀመጡበት ቦታ ላይ ጭረት አደርግ ነበር። ወረቀቱን በስልክ አንስቶ ከቅጹ ጋር ማያያዝ ይቻላል። ሲስተሙ ፎቶ ካልተቀበለሽ ወረቀቱን ራሱን ይዘሽ ግቢ። የተማሪ ስምና ፊት ግን አይኑርበት።

ውይይቱ ላይ መጀመሪያ ያቀረብኩት ያንን ንድፍ ነበር። በዕድሜም በአገልግሎትም የሚበልጡኝ መምህር ናቸው፤ «እርስዎ እንዴት አዩት?» ብዬ ዝም አልኩ። ወረቀቱን ጥቂት አዩና «ከኋላ አንድም ጭረት የለም ማለት ነው?» አሉ። ከዚያ በኋላ እኔ ብዙም አላወራሁ። ልጅቷ ላዩንም ታቹንም ዝም ብላ እንደደመረች ስነግራቸው፣ «እሷን ሰሌዳ ላይ ባወጣት ኖሮ ለግማሹ ክፍል ትጠቅም ነበር» ያሉት ራሳቸው ናቸው። 3 ወይም 4 ብዬ ብጀምር ኖሮ ክርክራችን በቁጥሩ ላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ ነጥቡ ከውይይቱ በፊት ለመምህሩ እንዳይታይ አድርጊ። ብዙ ሲስተሞች ቅጹን «ረቂቅ» አድርጎ የማቆየት አማራጭ አላቸው። ማስታወሻውን ግን ቀድመሽ ላኪለት፤ አንብቦ ይምጣ። ስትጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ተስማሙና መቼ ተመልሰሽ እንደምታዪው እዚያው፣ እሱ ፊት አስመዝግቢ። አምስት «መሻሻል ያለባቸው» ተጽፎለት የተሻሻለ መምህር አላየሁም።

«ስለላ» የሚለው ወሬ የሚጠፋው በንግግር ሳይሆን ማን ምን እንደሚያይ ሲታወቅ ነው። በአንድ የሠራሁበት ትምህርት ቤት ፋይሉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቀረና የሰው ነጥብ በቴሌግራም ሲዞር ዋለ። ያንን እምነት ለመመለስ ዓመት አልበቃም። መምህሩ የራሱን ብቻ ይይ፤ የትምህርት ክፍል ተጠሪው ራሱ የታዘበውን፤ ሙሉውን አንቺና ርዕሰ መምህሩ። በጋራ ፓስወርድ የሚከፈት አንድ የቢሮ አካውንት ካለ ዛሬውኑ ዝጊው። ደግሞም ለድጋፍ የገባሽበትና ለሥራ አፈጻጸም የሚያዘው ምልከታ ተለይተው ይመዝገቡ፤ የትኛው እንደሆነም መምህሩ ከመግባትሽ በፊት ይወቅ። ለእድገት የሚቆጠርበት ሰው ፊትሽ ደካማ ጎኑን አያወጣም፤ እኔም ብሆን አላወጣም።

ስለ ኔት ብዙ አልልም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ሁሉን ነገር ኢንተርኔት ላይ ያደረጉት ባዶ እጃቸውን ነው የቀሩት። ሻጮቹን «ያለ ኔት ይሞላል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፤ አይሞላም ካሉ ማስታወሻውን በኮቦ ቱልቦክስ ያዢ፤ ቅጽ አዘጋጅቶ በስልክ የሚሞሉበት ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው። ቅጹን ዋይፋይ ባለበት አስቀድመሽ ስልክሽ ላይ ካወረድሽው ያለ ኔት ይሞላል፤ ኔት ስታገኚ ትልኪዋለሽ። ዘጌ ድረስ በጀልባ ለሚሄድ ሱፐርቫይዘር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምልከታውን እዚያው ሞልቶ፣ ከመምህሩ ጋር እዚያው ተነጋግሮ ይመለሳል። ውይይቱን ለሌላ ቀን ካለ ደግሞ ሌላ ጀልባ ነው።

የመጨረሻው የፊርማ ጉዳይ። መምህሩ በውጤቱ ካልተስማማ «ፈርም» ብለሽ አትጨቃጨቂ። «አንብቤዋለሁ» እና «እስማማለሁ» ሁለት የተለያዩ ሳጥኖች ይሁኑ፤ ከሥራቸው የራሱን አስተያየት የሚጽፍበት ቦታ ይኑር፣ በአማርኛ እንደልቡ። ከዚያ ሁለት ኮፒ አትሚ፤ አንዱ ለማኅደሩ፣ አንዱ ለእሱ።