ስለ አሽፎርድ ካስል ለጠየቃችሁኝ

በአየርላንድ፣ ኮሪብ ሐይቅ ዳር ባለ ግንብ ውስጥ ስላለው ሆቴል ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። የምወደው ቦታ ስለሆነ በደስታ እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ እውነት ግንቡ 800 ዓመት ሊሞላው ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ግንብ አዎ። ደ በርጎ የሚባሉት የኖርማን ባላባቶች በ1228 ነው የመሠረቱት። ፎቶ ላይ የምታዩት አብዛኛው ክፍል ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በ1852 ሰር ቤንጃሚን ሊ ጊነስ ገዛው። አዎ፣ የቢራው ጊነስ ቤተሰብ! እሱ መሬቱን አሰፋ፣ መንገድ አወጣ፣ ዛፍ አስተከለ። ልጁ ሎርድ አርዲላውን ደግሞ ግንቡን ይበልጥ አስፋፋው። እኔ ይህን ማወቅ ውበቱን ይጨምራል እንጂ አይቀንስም ባይ ነኝ።

ጥያቄ፦ ሆቴል የሆነው መቼ ነው?

መልስ፦ በ1939። በ2013 የቶልማን ቤተሰብ ገዝቶ በብዙ ወጪ አሳደሰው። ዛሬ 83 ክፍሎች አሉት።

ጥያቄ፦ ዋጋውስ?

መልስ፦ ውድ ነው። ለአንድ ሌሊት ብዙ መቶ ዩሮ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ሳላድር ምን ማየት እችላለሁ?

መልስ፦ ግቢው ውስጥ የጭልፊት ማሠልጠኛ አለ። ወፍራም ጓንት ታጠልቃላችሁ፣ ጭልፊቷ ከዛፍ ተነስታ እጃችሁ ላይ ታርፋለች። ልጆች ይወዱታል። ቀድማችሁ ቦታ ያዙ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ጀርመን ነው፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። በሸንገን፣ ማለትም በብዙ የአውሮፓ አገሮች የጋራ ቪዛ፣ እገባለሁ?

መልስ፦ አይ ወንድሜ። አየርላንድ ሸንገን ውስጥ የለችም። የራሷን ቪዛ ማውጣት አለብህ። ቲኬት ከመቁረጥህ በፊት እሱን ጨርስ።

ጥያቄ፦ አካባቢው ላይ ሌላ ምን አለ?

መልስ፦ ይህን ስለጠየቅሽኝ አመሰግናለሁ እህቴ። ኮንግ መንደር ጎን አንድ ደረቅ ቦይ አለ። በአየርላንድ ታላቁ ረሃብ ዘመን፣ በ1840ዎቹ መጨረሻ፣ ኮሪብንና ማስክ የሚባለውን ሐይቅ ለጀልባ ለማገናኘት ተጀመረ። ለተራበው ሕዝብ ሥራ እንዲሆንም ታስቦ ነበር። ሰዎች ድንጋዩን እየፈለጡ ለዓመታት ቆፈሩ። መሬቱ ግን የኖራ ድንጋይ ነው፣ ስንጥቅና ጉድጓድ የበዛበት። ውሃውን አልያዘም፣ ሰረገ። በ1854 ሥራው ቆመ። በአውሮፓ ክረምት ውሃ ይታይበታል፣ በአውሮፓ በጋ ይደርቃል። የተጠረበው የድንጋይ ግድግዳ ግን እስካሁን ቆሟል። ካስሉን ያየ ሰው ሁሉ ይህንንም እንዲያይ እፈልጋለሁ። ከሆቴሉ ብዙም አይርቅም።