ለሰርግና ለመንዙማ ቀረጻ የትኛው ሚረርለስ ካሜራ ይሻላል?

ከኮምቦልቻ የጻፉልኝ አንድ አንባቢ ሰርግ፣ ኒካህና መንዙማ በካኖን 700ዲ እየቀረጹ ለዓመታት እንደቆዩ፣ አሁን ግን ደንበኞቻቸው የ4ኬ ቪዲዮ ስለሚጠይቋቸው ውስጡ መስታወት ወደሌለው ወደ ሚረርለስ ካሜራ ለመሸጋገር እንዳሰቡ ይገልጻሉ። ያስቸገሯቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። አዳራሽ ውስጥ የሚቀረጸው ምስል ላይ ጥቁር ጥላ ከላይ ወደ ታች ይንሸራሸራል፤ ካሜራው ግማሽ ሰዓት ሊሞላ ሲል በራሱ ያቆማል፤ ማታ ማታ ደግሞ የሙሽሮቹ ፊት ይደበዝዛል። ሻጩ ያቀረበላቸው ምርጫ ሶኒ ኤ6700፣ ፓናሶኒክ ሉሚክስ ኤስ5 ማርክ ቱ እና ካኖን አር6 ማርክ ቱ ሲሆን፣ «በሰከንድ 120 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስለሚቀርጽ ሶኒውን ውሰድ» ብሎ መክሯቸዋል። በእጃቸው ያሉት ሌንሶች ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 እና አንድ 50 ሚሊሜትር ኤፍ1.8 ናቸው።

ወንድሜ፣ ከሦስቱ ችግሮችዎ አንዱን ምንም ሳይገዙ ዛሬውኑ ሊያስወግዱት ስለሚችሉ ከእሱ ልጀምር። በአገራችን ያለው የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ በመሆኑ፣ የሸንበቆ አምፖልና ርካሽ ኤልኢዲ በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን ይህን አያየውም። ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ሴንሰር ግን ምስሉን በአንድ ቅጽበት ሳይሆን መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ፣ አንዱ መስመር አምፖሉ ሲደምቅ፣ ሌላው ሲፈዝ ይነበባል። የሚያዩት ጥላ ይኸው ነው። ብዙ ካሜራዎች፣ በተለይ ከአሜሪካ በዘመድ እጅ የሚመጡት፣ ኤንቲኤስሲ በሚባለው የ60 ሄርዝ ሥርዓት ላይ ተስተካክለው ስለሚደርሱ ባለቤቶቻቸው በ30 ፍሬም ይቀርጻሉ፤ ሸተሩም (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/60 ሰከንድ ላይ ይሆናል። የእርስዎንም ካሜራ የ50 ሄርዝ ሥርዓት ወደሆነው ወደ ፓል ይቀይሩት፣ በ25 ፍሬም ይቅረጹ፣ ሸተሩን 1/50 ላይ ያቁሙት። በ50 ፍሬም ሲቀርጹ ደግሞ 1/100 ያድርጉት። ጥላው ይጠፋል። መብራት ሄዶ በጄኔሬተር ሲቀረጽ ግን የሞተሩ ፍጥነት ስለሚዋዥቅ ሊመለስ ይችላል፤ ለዚህ ሉሚክሱ ውስጥ «ሲንክሮ ስካን» የሚባል፣ ሸተሩን በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከሉ ጥላው ቆሞ እስኪጠፋ ድረስ የሚፈልጉበት መቆጣጠሪያ አለ። ሰርግ የሚቀርጽ ሰው ይህን ማወቅ ይጠቅመዋል።

የግማሽ ሰዓቱ ነገር ደግሞ የካሜራዎ ብልሽት አይደለም። በአውሮፓ ኅብረት የጉምሩክ ደንብ ከ30 ደቂቃ በላይ ያለማቋረጥ የሚቀርጽ መሣሪያ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ተጨማሪ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር፣ አምራቾች ፎቶ ካሜራዎቻቸውን 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ላይ እንዲያቆሙ አድርገው ይሠሯቸው ነበር። ሻጩ ያቀረበልዎ ሦስቱም ይህ ገደብ የለባቸውም። ገደቡ ሲነሳ ግን በቦታው ሙቀት መጣ፤ ምርጫዎን የሚወስነውም በእኔ እምነት ሙቀት ነው።

4ኬ ቪዲዮ ሲቀረጽ ሴንሰሩና ፕሮሰሰሩ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። አካሉ ትንሽና ዝግ በሆነ መጠን ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ የተወሰነ መጠን ላይ ሲደርስ ካሜራው ራሱን ለማዳን ይዘጋል። እኔ የምሠራው ደሴ ነው፤ ደሴ ላይ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ ለካሜራም ለሰውም ስለሚተርፍ ይህን ችግር ለረጅም ጊዜ በቁም ነገር አልወሰድኩትም ነበር። ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ወደምትገኘው ወደ እናንተ ከተማ ለአንድ ሰርግ ስወርድ ግን፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ጣሪያው በላስቲክ በተሸፈነ ዳስ ውስጥ፣ ስሟን የማልጠራት አንዲት ትንሽ ካሜራዬ ሽማግሌዎቹ ምርቃት በጀመሩበት ደቂቃ የሙቀት ምልክት አሳይታ ጠፋች። አውጥቼ ጥላ ሥር አስቀመጥኳትና እስክትቀዘቅዝ ጠበቅሁ፤ ምርቃቱ እኔን አልጠበቀኝም። ለቤተሰቡ ያስረከብኩት ምርቃት ከሩቅ በስልክ የተቀረጸ ነው። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ከሦስቱ ካሜራዎች ውስጥ የራሱ ማቀዝቀዣ ማራገቢያ ያለው ሉሚክስ ኤስ5 ማርክ ቱ ብቻ ነው። አየሩ የሚወጣው በእይታ መስኮቱ ጉብታ ሥር ባሉት ክፍተቶች በመሆኑ እነሱን በጨርቅ እንዳይሸፍኑ ይጠንቀቁ። ካርድና ባትሪ እስካለው ድረስ ሰዓታት ይቀርጻል። ካኖኑ በ25 ፍሬም ሲቀርጽ ረጅም ሰዓት ይታገሳል፤ አንድን ቀረጻ ሳያቋርጥ እስከ ስድስት ሰዓት እንዲያስኬድም ተፈቅዶለታል። በ50 ፍሬም 4ኬ ግን ሙቀቱ ቶሎ ይደርስበታል። ሶኒው ከሦስቱ ትንሹ ነው፤ ክብደቱ ከባትሪና ከካርድ ጋር ግማሽ ኪሎ አይሞላም፣ ማራገቢያም የለውም። ሶኒ ከገዙ በማውጫው ውስጥ ካሜራው የሚዘጋበትን የሙቀት መጠን የሚወስነውን ምርጫ ፈልገው «ከፍተኛ» ላይ ያድርጉት፤ ስክሪኑን ከአካሉ አርቀው ወደ ጎን ይክፈቱት፤ ፀሐይ ላይ ሲቆሙ ነጭ ነጠላ ከላይ ያጥሉበት። ይህ ሁሉ ጊዜ ያስረዝማል እንጂ ማራገቢያን አይተካም።

ወደ ማታው ቀረጻ ልለፍ። የፊት መደብዘዝ ያሉት ነገር ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ፎከስ ነው፤ 700ዲ በቪዲዮ ጊዜ ብርሃን ሲቀንስ ፎከሱን እየፈለገ ወዲያና ወዲህ ይዋልላል። ሦስቱም አዳዲስ ካሜራዎች ፊትና ዓይን ለይተው የሚከተሉ በመሆናቸው በዚህ በኩል ይገላገላሉ፤ ሶኒውና ካኖኑ ከሉሚክሱ ትንሽ ይቀድማሉ። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ በሉሚክስ ካሜራዎች ላይ ፌዝ ዲቴክት የሚባለው የተሻለው የፎከስ ሥርዓት የመጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ከኤስ5 ማርክ ቱ ጋር ነው። «ያው ኤስ5 ነው፣ ዋጋው ብቻ ይቀንሳል» ተብለው የመጀመሪያውን ኤስ5 እንዳይገዙ፤ በመልክ ይቀራረባሉ፣ በሰርግ ላይ ግን አይቀራረቡም።

ሁለተኛው ምክንያት ብርሃን ማነሱ ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ካሜራውን ይወቅሳል፣ ጥፋቱ ግን የሌንሱ ነው። የእርስዎ 18-55 ወደ ፊት ሲጎተት ኤፍ5.6 ላይ ይቆማል (የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ሌንሱ ይበልጥ ይከፈታል)። ያው በእጅዎ ያለው 50 ሚሊሜትር በኤፍ1.8 ከዚያ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። ሙሉ ፍሬም የሚባለው ትልቅ ሴንሰር ያላቸው ሉሚክሱና ካኖኑ ከሶኒው ትንሽ ሴንሰር የሚበልጡት በስፋት ከሁለት እጥፍ በጥቂቱ ከፍ ባለ መጠን መሆኑን ከዚህ ጋር ሲያነጻጽሩት፣ ውድ ካሜራ ገዝተው ከካሜራ ጋር በሚመጣ ደካማ ሌንስ ማታ መቅረጽ ገንዘብ ማባከን እንደሆነ ይገባዎታል። ከካሜራው ጋር ቢያንስ አንድ ኤፍ1.8 የሚከፍት ሌንስ በበጀትዎ ውስጥ ይያዙ፤ በጀቱ ካልበቃ ካሜራውን ዝቅ ያድርጉ እንጂ ሌንሱን አይተዉት። ሉሚክሱ በዚህ ላይ አንድ ጥቅም ይጨምራል። ቪ-ሎግ በሚባለው ለቀለም ሥራ በሚመች አቀራረጽ ላይ 640 እና 4000 የሚሉ ሁለት መነሻ አይኤስኦዎች (ካሜራው ለብርሃን ያለው የስሜት ደረጃ) አሉት፤ በሻማና በጧፍ ብቻ የበራ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ በላሊበላ የገና ሌሊት፣ 4000ን ሲመርጡ በጥላው ውስጥ የሚርመሰመሰው ነጠብጣብ በእጅጉ ይቀንሳል።

ያሉዎትን ሌንሶች በተመለከተ፣ 50 ሚሊሜትሩ በካኖን አስማሚ አማካኝነት አር6 ማርክ ቱ ላይ ፎከሱን ሳያጣ ይሠራል። 18-55ቱ ግን ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ ሙሉ ፍሬም ላይ የሴንሰሩን መሐል ብቻ ያስጠቀምዎታል። አራት አምስት ጥሩ የካኖን ሌንስ ቢኖርዎት ኖሮ ጥያቄው በዚሁ ያልቅ ነበር፤ ካኖኑን ይግዙ እልዎት ነበር። ለአንድ 50 ሚሊሜትር ሲባል ግን ካሜራ አይመረጥም።

ሻጩ ስለነገረዎት 120 ፍሬም ላንሳ። ሶኒ ኤ6700 በእርግጥ ይህን ያደርጋል፤ በፓል ሲሆን 100 ፍሬም ይሆናል። የሴንሰሩን መሐል ብቻ ወስዶ ስለሆነ ግን ምስሉ ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይጠብባል፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ሙሽራዋ ስትለብስ ለመቅረጽ ወደ ኋላ የሚሄዱበት ቦታ ያጣሉ። ደግሞስ በአንድ ሰርግ ላይ ቀስ ብሎ የሚሄድ ምስል ስንት ደቂቃ ይጠቀማሉ? በ50 ፍሬም ቀርጸው በ25 ሲያጫውቱት በግማሽ ፍጥነት ይሄዳል፤ ለቀሚስና ለእስክስታ ይህ ይበቃል። በ50 ፍሬም ካኖኑ የሴንሰሩን ሙሉ ስፋት ይጠቀማል፣ ሶኒውም የሚቆርጠው ለዓይን አይታወቅም። እዚህ ላይ የሚሸነፈው ሉሚክሱ ነው፤ 4ኬን በ50 ፍሬም ሲቀርጽ በአንድ ተኩል እጥፍ ስለሚቆርጥ 20 ሚሊሜትሩ ሌንስ 30 ይሆንብዎታል። ይህን ቀድመው አውቀው ይግዙት።

ስለ ቀለም ሦስቱም 10 ቢት ይቀርጻሉ። የእርስዎ ካሜራ የሚጠቀምበት 8 ቢት ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው 10 ቢት 1024 አለው። ልዩነቱን ማየት የሚፈልግ ሰው ሐይቅ ዳር ፀሐይ ስትጠልቅ ሁለቱንም ይቅረጽ፤ በ8 ቢቱ ሰማዩ ኤዲት ሲደረግ እንደ ደረጃ ተቆራርጦ ይታያል።

ይህ ጥራት ግን ቦታ ይፈልጋል። ሉሚክሱ በ25 ፍሬም ባለ10 ቢት 4ኬ በሰከንድ 150 ሜጋቢት ሲቀርጽ በሰዓት ወደ 68 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 128 ጊጋባይት ካርድ ሁለት ሰዓት አይሞላም ማለት ነው። ለዚህ ፍጥነት ቪ30 የሚል ምልክት ያለው ካርድ ይበቃል። ከሰርጉ በፊት ካርዱን እስኪሞላ ቀርጸው መጨረሻውን መልሰው ይመልከቱ፤ ላዩ ላይ 256 ተብሎ የተጻፈበት ውስጡ 32 የሆነ ካርድ ይዘው የመጡ ሰዎችን አጽናንቻለሁ። ሉሚክሱና ካኖኑ ሁለት የካርድ ማስገቢያ ስላላቸው አንዱን ቀረጻ በሁለቱም ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሶኒው አንድ ብቻ ነው ያለው። አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ይህን ፋይል ሲያጫውት ስለሚንቀራፈፍ፣ በፕሪሚየርም ሆነ በዳቪንቺ ሪዞልቭ የኤዲቲንግ ፕሮግራም መጀመሪያ ፕሮክሲ የሚባለውን ቀላል ቅጂ ሠርተው በእሱ ላይ ይቁረጡ።

እንግዲህ የእኔ ምርጫ ሉሚክስ ኤስ5 ማርክ ቱ ነው፤ ከእሱ ጋር ያንኑ ኩባንያ የሚያወጣውን 50 ሚሊሜትር ኤፍ1.8። መንዙማ ሌሊቱን ሙሉ ይዘልቃል፤ ድቤው ሲሞቅ ካሜራው ሞቆ የሚዘጋበት ሰው ነገ የሚጠራው የለም። ጉዳቱንም ልንገርዎ፤ ወደ 740 ግራም ስለሚመዝን እጅ ያዝላል፣ ለእሱ የሚሆን ሌንስም በአካባቢያችን እንደ ካኖንና እንደ ሶኒ ከባልደረባ በቀላሉ የሚዋሱት አይደለም። ሥራዎ አጫጭር የማስታወቂያ ቪዲዮና ጉዞ ቢሆን ኖሮ ሶኒውን እመርጥልዎ ነበር። ዋጋ ያልጠቀስኩት ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ነው።

ያገለገለ ካገኙ ስንት ፎቶ እንዳነሳ መጠየቅ ለቪዲዮ ብዙም አይጠቅምዎትም፤ ይልቅ ሻጩ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ በ4ኬ ያስቀርጹት፣ የማራገቢያውንም ድምፅ ጆሮዎን አስጠግተው ያዳምጡ። ቀጥሎ የሌንሱን ክዳን ሳያነሱ አይኤስኦውን 6400 ላይ አድርገው አንድ ደቂቃ ይቅረጹና ቪዲዮውን በላፕቶፕ አስፍተው ይመልከቱ። የመድረክ ሌዘር በቀጥታ ሴንሰር ላይ ሲያርፍ ሊያቃጥለው ይችላል፤ በዚህ የተጎዳ ካሜራ በዚህ ጨለማ ውስጥ የማይነቃነቅ ባለቀለም ነጥብ ወይም ቀጭን መስመር ያሳያል። ሌንሱ ተቀይሮም እዚያው ቦታ ላይ ካለ ገንዘብዎን ይዘው ይመለሱ።